የዝምታው ዘበኛ እትዬ ደብሬ

ጽሑፍ የያዘ ሰው በሚኖርበት ቤት ሁሉ፣ ጸሐፊው እንዳይረበሽ የሚጠብቅ አንድ ዘመድ አይጠፋም። ጸሐፊውም በዓለም ላይ ካለው ጫጫታ ሁሉ አብልጦ የሚፈራው ያንኑ ዘመድ ነው። ሕፃን ቢያለቅስ ጡት ሲያገኝ ዝም ይላል። ውሻም ቢጮህ ይደክመዋል። ጸጥታ አስከባሪ ግን ድካም የሚባል ነገር አያውቅም፤ ጸጥታው በሰፈነ ቁጥር መስፈኑን ለማብሰር ብቅ ይላል።

በወረታ ከተማ ይህን ታላቅ ሹመት የያዙት እትዬ ደብሬ ነበሩ። ሿሚያቸው አይታወቅም። የመምህር አያልነህ አባት እኅት ናቸው። ከደራ፣ ከአንበሳሜ የመጡት ለአያልነህ የመጨረሻ ልጅ ክርስትና ነበር። ልጁ ይኸው የወተት ጥርሱን አውልቆ ሌላ አብቅሏል፤ እሳቸው ግን ክረምት ሲሆን «እስኪ ይሄ ዝናብ ያባራ»፣ በጋ ሲሆን ደግሞ «እስኪ ዝናቡ ይምጣና ይሂድ» እያሉ እንደ ሰነበቱ ናቸው።

አያልነህ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምራል። ክረምት ክረምት ባሕር ዳር እየሄደ ሲማር ቆይቶ ትምህርቱን ሁሉ ጨርሷል። የቀረው አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ርእሱም «የርብ ወንዝ ሙላትና የፎገራ ገበሬ ኑሮ» ይላል። አብረውት የጀመሩት ተመርቀው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፣ እሱ ገና ወንዙ ከሚመነጭበት ተራራ አልወረደም። አማካሪው ባለፈው ክረምት ቁርጡን ነግሮታል፦

«አያልነህ፣ ሁለት ጊዜ አራዘምኩልህ። የሚመጣው ሰኔ ሳይወጣ ካላስረከብክ ስምህ ይሰረዛል። ይህን ሁሉ ክረምት የተማርከው ውኃ በላው ማለት ነው።»

ቤቱ ደግሞ ለጽሑፍ የተሠራ ቤት አይደለም። ባለቤቱ ትሁን የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ናት፤ ጧት ትወጣና ማታ የሰው ጠብ ተሸክማ ትገባለች። ልጆቹ አራት ናቸው፤ ሲጣሉ ግን ስምንት ይሆናሉ። ለገበያ የመጣ የደራ ዘመድ ሁሉ የሚያድረው እዚያው ነው። አያልነህ የሚጽፈው ጓዳ ውስጥ፣ በጤፉ ጎታና በጓያው ጆንያ መካከል በተሸጎጠች ጠረጴዛ ላይ ነው።

ልጆቹ ደጅ ላይ ኳስ ሲራገጡ የእትዬ ደብሬ ድምፅ ይነሣል። ያ ድምፅ በልጅነታቸው ከጉማራ ወንዝ ወዲህ ማዶ ሆነው ወዲያ ማዶ የተሻገረ ከብት የመለሱበት ድምፅ ነው።

«ዝም በሉ! አያልነህ እየጻፈ ነው!»

ልጆቹ ዝም ይላሉ። ዶሮዎቹ ዝም ይላሉ። በጎንደር መንገድ የሚያልፈው የጭነት መኪና እንኳ ማርሽ የሚቀይረው እየተሳቀቀ ይመስላል። አያልነህ ብዕሩን ያነሣል። «የርብ ወንዝ» ብሎ ሳይጨርስ የጓዳው በር ሲጢጥ ይላል።

«አያልዬ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ዝም አሰኘሁልህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ይሰማሃል?»

«ምኑ?»

«ዝምታው ነዋ።»

«አዎ፣ ይሰማኛል።»

«በል እንግዲህ ጻፍ» ብለው ይወጣሉ። ሲወጡ በሩ ከእጃቸው ያመልጥና ይጋጫል። ወዲያው ዞር ብለው በሩንም «ዝም በል!» ይሉታል።

እንግዳ አመላለሳቸው ደግሞ ለብቻው ነው። አያልነህ የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ ስለሆነ ማመልከቻ የሚያስጽፈው የወረታ ሰው ብዙ ነው። አንድ ቀን ጎረቤቱ ባለሱቁ ሙህዲን ብቅ ቢል፣ እትዬ ደብሬ ከጓዳው መስኮት ሥር አቆሙት።

«አይሆንም! እየጻፈ ነው። ጉዳይህን ለእኔ ንገረኝና ሂድ።»

«ለሱቁ ጣራ ቆርቆሮ እንዲፈቀድልኝ ማመልከቻ ፈልጌ ነበር።»

«ጣራው ምን ሆነ?»

«ያፈሳል።»

«በየት በኩል?»

ሙህዲን በየት በኩል እንደሚያፈስ ተናገረ። ከጣራው ወደ ሚስቱ ወደ ዘይነብ ጉንፋን፣ ከጉንፋኑ ሐሙሲት ስላለችው እኅቱ ሠርግ፣ ከሠርጉ ደግሞ ሙሽራው ስለረገጣት የሰው ድመት ተጨዋወቱ። ሙህዲን ሲሄድ ፊቱ በርቶ ነበር፤ የመጣበትን ጉዳይ ፈጽሞ ረስቶታል። እትዬ ደብሬ ወደ ጓዳ ገቡ።

«አያልዬ፣ ሙህዲን መጥቶ ነበር። እንዳይረብሽህ ብዬ መለስኩት።»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ።»

«እንዴት ትሰማለህ? እየጻፍክ አልነበር እንዴ! ቆይ ልንገርህ።»

ነገሩት። ከጣራው እስከ ድመቷ አንድም አላስቀሩ። ሙህዲን የሳለበት ቦታ ላይ ሲደርሱም ሳሉ።

በግንቦት ለአያልነህ አንድ ብልሃት መጣለት። ወገቤን አመመኝ ብሎ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ሊወርድ፣ እዚያም ጥላ ሥር ተቀምጦ እስኪበቃው ሊጽፍ ነው። በዚህ አገር ታምሞ ብቻውን የሚተው ሰው እንደሌለ ግን ዘነጋ።

«ወገብህን? አይ ልጄን! እኔንም እኮ እዚያችው ላይ ነው የሚያመኝ!» አሉ እትዬ ደብሬ፣ ስንቅ መቋጠር ጀምረው።

ዋንዛዬ ደረሱ። አያልነህ ከአንድ ሾላ ሥር ወረቀቱን ሲዘረጋ፣ እሳቸው ከፍል ውኃው ዳር ቆመው አዋጅ ነገሩ።

«ወገኖቼ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ! ከወረታ የመጣ ሰው እየጻፈ ነው!»

«ምንድን ነው የሚጽፍ?» አለ እስከ አንገቱ የተነከረ አንድ ጎረምሳ።

«የገበሬውን ኑሮ ነዋ! በየቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን ለሥራ እንደደረሰ፣ ማን እንዳልደረሰ። ሰኔ ሳይወጣ ለመንግሥት ያስረክባል!»

ዓመቱ የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ የተጀመረበት ዓመት ነበር። ጎረምሳው ምንም ሳይናገር ከውኃው ወጣ። ወገቡን፣ ጉልበቱን፣ ትከሻውን ሲያመው የነበረ ወጣት ሁሉ በአንድ ከሰዓት ተፈውሶ አቀበቱን በሩጫ ሲወጣ ታየ። በማግሥቱ ፍል ውኃው ላይ የቀሩት አያልነህ፣ እትዬ ደብሬና ጆሯቸው የማይሰማ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ዝምታው ያስፈራል። አያልነህ በደስታ ብዕሩን አነሣ። እትዬ ደብሬ ግን ሥራ ፈቱ። ዝም የሚያሰኙት ሰው ቢያጡ ፊታቸው ጠወለገ፣ መጥተውም ከአጠገቡ ተቀመጡ።

«ምን ዓይነት ጭር ያለ አገር ነው እናንተዬ! ሰው እዚህ ተቀምጦ እንዴት ይጽፋል? ቆይ እስኪ ላጫውትህ።»

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ሁሉ የእሳቸው አልነበረም። አያልነህ የጻፈውን መልሶ ሲያነብ ዋጋው ይጠፋበታል። ርብ በየዓመቱ ይሞላል። ይህን ገበሬው ያውቃል፣ ከብቱም ያውቃል። ታዲያ እኔ ምን ጨመርኩ? እያለ አንዱን ገጽ ጽፎ ሁለቱን ይቀድዳል። ወረታ ተመልሰው የሰኔ መጨረሻ ሲቃረብ፣ እትዬ ደብሬ ወደ ጓዳ ቢገቡ፣ ወረቀቱን ጠቅልሎ በገመድ ሲያስር አገኙት።

«ምነው?»

«ተውኩት፣ እትዬ። የእኔ ቢጤ የሚሞክረው ነገር አይደለም።»

እትዬ ደብሬ የጓያው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«እኔ ለአንበሳሜ ሰው እየጻፈ ነው ብያለሁ። ለሐሙሲት ሰው ብያለሁ። የነፍስ አባታችንን አባ ወልደ ሥላሴን እንኳ ጠበል ይዘው ሲመጡ፣ እየጻፈ ነው ብዬ ከደጅ መልሻለሁ። አሁን በስተርጅና ውሸታም ልታሰኘኝ ነው?»

«እርስዎ እኮ ምን እንደምጽፍ እንኳ አያውቁም።»

«አንተ ታውቀው የለ? ለእኔ ምን ያደርግልኛል!»

አያልነህ ጥቅሉን ወደ ራሱ ሳበ። እሱ ራሱ ያላመነበትን ጽሑፍ፣ አንድ መስመር ሳያነቡ ያመኑበት እሳቸው ብቻ ናቸው። ገመዱን ፈታው።

ቀኑ ተቃርቦ ዓርብ ሆነ። ጽሑፉ ቅዳሜ ጧት በመጀመሪያው አውቶቡስ ባሕር ዳር መግባት አለበት። የቀረው መደምደሚያው ነው። ትሁን ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ስብሰባ ስላለባት ልጆቹን ሰብስባ ስትወጣ፣ ብቅ ብላ፣ «እነዚህን ይዤልህ ሄጃለሁ። እትዬን ግን የምይዝበት አቅም የለኝም» አለችው።

ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ቢሻው ሽጉጡን እንደታጠቀ ከደጅ ቆመ።

«ጓድ አያልነህ!»

«ዝም በል! እየጻፈ ነው!»

«እናቴ፣ ስብሰባ ነው። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ስላጣን እሱን ልወስድ ነው የመጣሁ።»

አያልነህ ሰማና ብዕሩን ከደነ። ቀበሌ ጠርቶት የቀረ ሰው የለም። የቀበሌ ስብሰባ ደግሞ ሳይመሽ አያልቅም። አለቀ፤ የክረምቶቹ ሁሉ ትምህርት ውኃ በላው።

«አይሆንም» አሉ እትዬ ደብሬ። «ጉዳይህን ለእኔ ንገረኝና ሂድ።»

«ጉዳዩማ ስብሰባው ነው!»

«ቀስ ብለህ ተናገራ! ቆይ... አንተ የእናኑ ልጅ አይደለህም? የአንበሳሜዋ?»

የሊቀ መንበሩ ድምፅ ቀነሰ። «ነኝ።»

«እንዲያ ነው? ለመሆኑ እናትህን ካየሃት ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሥራ በዛብኝ፣ እናቴ...»

«ይህን ብረት ወደ ኋላ አድርገውና ተቀመጥ።»

ወረታን ሁሉ የሚያስፈራው ጓድ ቢሻው ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ስለ እናቱ ተጠየቀ። ያልላከላትን ጋቢ ተጠየቀ። ሊቀ መንበሩ የት ቀረ ተብሎ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ሲላክ፣ «ጓድ ሊቀ መንበር!» ብሎ ቢጣራ፣ «ዝም በል፣ እየጻፈ ነው» ያለው ራሱ ቢሻው ነበር። የተላከውም ተቀመጠ። እሱን ፍለጋ የመጣውም ተቀመጠ። ሙህዲን መጣ፤ ትሁን የማኅበሩን ሴቶችና ልጆቹን አስከትላ መጣች። በመጨረሻ ከስብሰባው አዳራሽ ይልቅ የአያልነህ ደጅ ሰው በዛበት፤ ቢሻውም ስብሰባውን እዚያው በሹክሹክታ ከፈተው።

«ይሰማል?» አለ።

«አይሰማም» አለ ሕዝቡ፣ በሹክሹክታ።

ርብ ሳይሞላ ስለሚጠረገው ቦይ ተወያዩ። «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለውን መፈክር እንኳ ያሰሙት እየተነፈሱት ነበር፤ ግራ እጃቸው ግን እንደ ደንቡ ተነሥቶ ነበር።

አያልነህ ጓዳ ውስጥ ሆኖ ያን ሹክሹክታ ሰማ። ውኃ በሣር መሐል እየሾለከ ሜዳውን ሲይዝ እንዲህ ነው የሚሰማ። ሳያስበው ብዕሩ ሄደ። የፎገራ ገበሬ ሙላቱን አያስቆመውም፤ ነገር ግን ውኃው ሲሸሽ የሚተወውን ጭቃ ያውቃል፣ የሚዘራውም በዚያው ጭቃ ላይ ነው ብሎ ጻፈ። ነጥቡን አኖረ። ጨረሰ።

የመጨረሻዋን ገጽ ይዞ ሲወጣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እትዬ ደብሬ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ አንድ እጃቸውን በሕዝቡ ላይ ዘርግተው ቆመዋል።

«እትዬ» አለ አያልነህ ቀስ ብሎ። «ጨረስኩ።»

ዞር እንኳ አላሉም።

«ዝም በል! አያልነህ እየጻፈ ነው!»

አያልነህ ዝም አለ። ቢሻው ድንጋዩ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት፤ ባዶውን የቃለ ጉባኤ ወረቀትም አቀበለው። አያልነህ ከእትዬ ደብሬ ጀርባ ቁጭ አለና፣ አክስቱን ውሸታም ላለማሰኘት መጻፍ ጀመረ።