ጠማማዋን ክንፍ ያቃናሁ ዕለት

እኛ ሰዎች ለሟች ዕቃ ያለን ክብር ይገርመኛል። በቁሙ ሳለ አንድ ቀን ሸሚዙን ያልተኮስንለት ሰው ሲሞት፣ ጫማውን ሳይቀር ወልውለን እናስቀምጣለን። ለማን? እሱ እንደሆነ ላይመለስ ሄዷል።

እኔም ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ሲሞት የደረሰችኝ አውሮፕላን ናት። አትደንግጡ፤ ክንድ የምታህል፣ ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ፎም ቆርጦ የሠራት፣ በሪሞት የምትበር ናት። ዳዊት ወሰን ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር፤ እሁድ እሁድ ግን እንጦጦ ወጥቶ እሷን ያበር ነበር። እኔም አብሬው እወጣ ነበር። ወጥቼ መኪና ውስጥ እንቅልፌን እለጥጥ ነበር ብል ይሻላል። አባባ ግን ጭራሽ አልወደዱለትም። "ሚስት አግብቶ ልጅ እንደመውለድ በአሻንጉሊት ይጫወታል" ብለው በሰው ፊት ስለተናገሩት፣ ሁለት ወር ተኳርፈዋል። አንዲት ቀን እንኳ ሲያበር ሳያዩለት መሞቱ አንጀቴን ይበላኛል።

ስለዚህ ከአርባው በኋላ አባባን እንጦጦ ወስጄ አንድ ጊዜ ስትበር ላሳያቸው ወሰንኩ። ሪሞቱን አንድ ሁለቴ አስይዞኛልና ራሴን እንደ አብራሪ ቆጠርኩ። ክንፏን ከሥር በሁለት ጣቶቼ ደግፌ ሚዛኗን አየሁ፤ ባትሪዋን ወደ አፍንጫዋ ገፋ አደረግኩላት። ግራ ክንፏ ግን ጠመም ብላለች። የሟች ዕቃ ጠማማ ሆኖ እንዴት ሰው ፊት ይቀርባል? በእንፋሎት አሙቄ፣ መጽሐፍ ጭኜባት አደረች፤ ቀጥ አለች። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄኔ ነው።

ሜዳው ላይ ቆሜ ወረወርኳት። ገና ከእጄ ስትወጣ ወደ ቀኝ ተገለበጠችና ከባህር ዛፍ ጋር ተላተመች። አፍንጫዋ አንድ ቦታ፣ ክንፏ ሌላ ቦታ። ለካ ዳዊት ጠማማነቷን ያውቅ ኖሯል፤ ሪሞቱ ላይ ባሉት ትንንሽ ማስተካከያዎች እያካካሰ ነበር የሚያበራት። እኔ ክንፏን አቅንቼ ማስተካከያውን እንደነበረ ተውኩት። እሱ በዓመታት ልፋት ያገኘውን ልክ በአንድ ሌሊት አበላሸሁበት። ባህር ዛፉ ሥር ቆሜ አለቀስኩ።

አባባ ስብርባሪዋን እየለቀሙ፣ በሱ እጅ እንዲህ ወደ ቀኝ ወድቃ አታውቅም አሉኝ። እርስዎ በምን ያውቃሉ ብላቸው፣ በከዘራቸው ከሜዳው ማዶ ያሉትን ጽዶች አሳዩኝ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እዚያ ተከልለው ያዩት ነበር። ያን ካሉት በኋላ ፊት ለፊት መምጣት አፍረው ነው።

"ጽዶቹ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ዝቅ ያደርጋት ነበር" አሉ። ከዚያም "አይቶኝ ይሆን?" ብለው ጠየቁኝ።

"አይቶዎታል እንጂ፤ ለኔም ነግሮኛል" አልኳቸው።

ውሸቴን ነው። ግን ቢነግረኝስ ኖሮ፣ እኔ መቼ ሰምቼው አውቃለሁ?