ብርዙን ማን ቀመሰው?

ታሪካዊ የወንጀል ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ከሌላው ደራሲ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፤ የሚገድላቸው ሰዎች ቀድሞውንም ሞተዋል። ስለ ዛሬ የሚጽፈውን ጎረቤቱ ይቀየመዋል፤ ሚስቱም ራሷን መሃል ገጽ ላይ ታገኛለች። እኔ ግን መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ፣ በሬን ዘግቼ፣ አንዱን በመርዝ ሌላውን በገደል አሰናብቼ ስወጣ ምሳዬን በሰላም እበላለሁ። ማን ይከሰኛል? ሟች ወይስ ገዳይ?

ለካ ሁለቱም። ያውም በአንድ ከሰዓት፣ ቆቦ ላይ።

መጽሐፉን ያነበባችሁት (ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ) ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ላላነበባችሁት፦ የሲራራ መሪው እንድሪስ ቦሩ የጨው ነጋዴውን ያሲንን ቤቱ ጋብዞ መርዝ ያለበት ብርዝ ያጠጣዋል። ያሲን ይሞታል፤ ገዳዩ አይታወቅም። ከአዲስ አበባ አንድ ብልህ መርማሪ ይመጣና ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ጢሙን ሲያሻሽ ቆይቶ በመጨረሻ እንድሪስን ያጋልጠዋል። መርማሪው አንተን ይመስላል የሚሉኝ አሉ። አጋጣሚ ነው።

ይህን ስጽፍ ቆቦን አይቻት አላውቅም ነበር። ደራሲ ሄዶ ካየማ ጋዜጠኛ ሆነ ማለት ነው የሚል የጸና አቋም ነበረኝ። ሁለቱን ስሞች የሰጠኝ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጀማል ነው፤ ቆቦ ተወልዶ ቆቦ የሚያስተምር። ቆላ ቆላ የሚሸቱ ስሞች ፈልግልኝ ስለው፣ ብዙም ሳያስብ የሁለት ጎረቤቶቹን አያቶች አቀበለኝ። እኔም የማን ናቸው ብዬ አልጠየቅሁ፣ እሱም አልነገረኝ።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ጀማል ደወለና ከተማው አንብቦሃል፣ ና አለኝ። ከተማ ሲያነብህ! ሁለተኛው እትም ማተሚያ ቤት ሊገባ ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ሽፋኑ ላይ «በቆቦ ሕዝብ የተወደደ» ብዬ ባስጽፍበትስ እያልኩ ተነሳሁ። ጥቁር ኮት ለበስኩ፣ አንገቴ ላይ ሻርፕ ጣል አደረግሁ፤ ደራሲ መሆኔ ከሩቅ እንዲታወቅ። ሮቢት ላይ ሻርፑን አወለቅሁ። ቆቦ ላይ ኮቱን። የመጽሐፌ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ትዝ ያለኝ ይኼኔ ነው፦ «ቆቦ በዚያ ማለዳ በብርድና በጉም ተጠቅልላ ተኝታ ነበር።» ጀማል መናኸሪያ ሲቀበለኝ ላቤን አየና ጉሙ እንዴት ነው አለኝ።

አዳራሹ ሞልቷል። ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ተቀምጧል፤ መሃሉ ባዶ። እኔ ለመተላለፊያ መስሎኛል። ቀኙ የገዳይ ቤተሰብ፣ ግራው የሟች ቤተሰብ መሆኑን ማን ይንገረኝ? ስለ ተሰባበረ ጊዜና ስለ ትረካ ስብርባሪ ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ዘመናዊ ሰው ሙሉ ታሪክ የለውም ከሚለው ላይ ስደርስ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ።

ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፤ እህል ነጋዴ ናቸው፤ የእንድሪስ ቦሩ የልጅ ልጅ። በትሕትና ነው የጀመሩት። ልጄ፣ እጅህ ይባረክ አሉ። አያቴ መጽሐፍ ላይ መውጣቱ ደስ ብሎኛል። ገደለ ማለትህንም አልጠላሁትም፤ ጊዜው ነው፣ ሰው ይጋደል ነበር።

«ግን በመርዝ? ወላሂ፣ እንድሪስ ቦሩን በመርዝ? እንደ አይጥ አዳኝ?»

ቀኙ በሙሉ አጉረመረመ። እንግዳን፣ በገዛ ቤቱ! መጽሐፉ ከመጣ ወዲህ ገበያ ውስጥ ለሰው ሻይ ባዘዙ ቁጥር፣ ጋሽ ሰይድ መጀመሪያ እርስዎ ይሞክሩት እየተባለ ይሳቅባቸዋል። የልጅ ልጆቻቸው ሳይቀሩ ትምህርት ቤት «እነ መርዞ» ተብለዋል። ይኼው ነገር እንደገና ሊታተም ነው አሉ፣ እውነት ነው? ይህን ሲሉ ድምፃቸው ሰለለ።

ልቦለድ እኮ ነው አልኩ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ቆላ ላይ እንዳትሞክሯት።

እሺ ስሙን እቀይረዋለሁ አልኩ። ጭራሽ ባሰባቸው። ልታስወጣው ነው? አገር ሁሉ መጽሐፍ ላይ ወጣ ሲለው ከርሞ፣ አሁን በማን ልትተካው? ይቆይ፤ ግን እንደ ሰው ይቆይ።

ከግራ በኩል እትዬ ዘሃራ ተነሱ፤ የያሲን የልጅ ልጅ። እሳቸው እንኳ ይደግፉኛል ብዬ ፈገግ አልኩ፤ የሳቸው ሰው ምንም ያላጠፋ ሟች ነው። እሳቸው ግን ወደ ቀኝ ዞረው «አብሽር ሰይዶ፣ የኔው ይብሳል» አሉና ወደ እኔ መጡ።

«ለመሆኑ ያንን ብርዝ ማን ቀመሰው?»

ያሲን ጠጣው አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የቀዳ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ መቼ ይሰጣል? ይህን ለማወቅ ቆቦ መወለድ አያስፈልግም፤ እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ ስታደርገው ነው ያደግሁት። መርዙ መጀመሪያ የሚደፋው እንድሪስን ነበር። ከባሕር ማዶ መጻሕፍት ለቅሜ የገጣጠምኩት ረቂቅ ወንጀል በአንድ መዳፍ ፈሰሰ። ያልተቀመሰ የሚጨልጥ ጅል አድርገህ አያቴን ቀበርከው አሉ እትዬ ዘሃራ። ጀማልን በዓይኔ ፈለግሁት፤ ኮርኒሱን ያጠናል።

ሽምግልናው ወዲያው ተጀመረ። እንድሪስ የሚገድል ከሆነ ገበያ መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ስሙን ጠርቶ ይግደል ተባለ። ሁሉም ሰው ካየው መርማሪዬ ምን ሊሠራ ይመጣል? በሆዴ ያዝኩት፤ እሺ አልኩ። እትዬ ዘሃራ ግን አልለቀቁም፤ ፊት ለፊት ከሆነማ ያሲን እጁን አጣጥፎ አይቆምም፣ እሱም ይመታል። ጋሽ ሰይድ ይኼ ልክ ነው አሉ። ታዲያ ማን ይሙት አልኩ፣ በልመና። ግራና ቀኙ ተያየ። አንድ ሟች የሚያዋጣ ወገን ጠፋ።

«አቦ ያስታርቃቸው!» አለ ከኋላ አንዱ።

አዳራሹ አጨበጨበ። በዚያን ቀን የተሰማው ጭብጨባ ያ ብቻ ነው፤ እሱም ለኔ አልነበረም። ቃል ገባሁ። ምን ላድርግ? ጋሽ ሰይድ ቤታቸው ወሰዱን፤ ብርዝ ቀረበ። ዓይን ዓይኔን እያዩ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና ሰጡኝ። እትዬ ዘሃራ ከኔ ቀድመው ጨረሱ።

ሁለተኛው እትም ወጥቷል። ማለዳው ይሞቃል። እንድሪስና ያሲን ገበያ መሃል ይጣላሉ፣ ገጹ ሳይገለጥ ይታረቃሉ። መርማሪው ኮቱን ደርቦ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ወንጀል ያጣል፣ ብርዙን ጠጥቶ ይመለሳል። መጽሐፉ ከስቷል። ቆቦ ላይ ግን አንድ ቅጂ አልተረፈም፤ ጋሽ ሰይድም አሁን ሻይ ሲጋብዙ ሰው ዝም ብሎ ይጠጣል አለኝ ጀማል።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ሃያሲ ብቻ ተናዶ ደወለ። የወንጀል ልቦለድ ብለህ ሸጥህልኝ፤ የታል ሟቹ? የታል ገዳዩ?

የሞተውስ ልቦለዱ ነው አልኩት። ገዳዩን ለማወቅ ደግሞ እስከ መጨረሻው ገጽ መድከም የለብህም፤ ስሙ ሽፋኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል።