የነፋሱ ማዕረግ

አዲስ አበቤ ነፋስን ከጠላት አይቆጥርም። ሌባ ይፈራል፣ እሳት ይፈራል፣ የአከራይ ኮቴ ይፈራል፤ ነፋስን ግን «ወጣ ብዬ ልቀበል» ይላል፣ እንደ እንግዳ። እኔም ከዚያው ወገን ነበርኩ። ቤታችንን ኢንሹራንስ ስናስገባ ውሉ ላይ «አውሎ ነፋስ» የሚል ቃል አይቼ የሳቅኩትም ለዚሁ ነው። ባሕር የሌለው አገር አውሎ ነፋስ ከየት ያመጣል? ባለቤቴ አስቴር ግን «ይግባ፣ ምን ይጎዳናል» ብላ አስገባችው።

አስቴር ልብስ ሰፊ ናት። ቦሌ ቡልቡላ ያለው ቤታችን ሰገነት ላይ በቆርቆሮ የተሠራች ክፍል አለቻት፤ እዚያ ከሁለት ሴቶች ጋር የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ትምህርት ሊከፈት ሲል ከጨርቁ ብዛት እግር ማሳረፊያ አይገኝም።

ልክ በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ መጀመሪያ የጎረቤት ዲሽ አዞረ፤ ቀጥሎ የእኛን ጣሪያ ከነማገሩ ብድግ አድርጎ ይዞት ሄደ። ሴቶቹ ጠረጴዛ ስር ገብተው ተረፉ። ዩኒፎርሙ ግን አልተረፈም፤ ዝናቡ የሱሪውን ሰማያዊ ቀለም ነጩ ሸሚዝ ላይ አወረደው። ቤት ስደርስ አስቴር ሸሚዝ እየጨመቀች ነበር። «ዋናው ሰው ተርፏል» አለችኝ።

ጣሪያው ያረፈው ጎረቤታችን አቶ ማርቆስ ግቢ ውስጥ፣ መኪናቸው ዘወትር የምትቆምበት ቦታ ላይ ነው። እሳቸው ያን ሰዓት መኪናዋን ይዘው ለጸሎት ሄደው ነበር። ሲመለሱ ቆርቆሮው ፊት ቆመው ዘመሩ። በእኔ ጣሪያ ፈጣሪ ሲመሰገን ምን እላለሁ? አሜን አልኩ።

ከኢንሹራንሱ የመጣው ገማች ሱፍ የለበሰ ትሁት ወጣት ነው። ጣሪያ የሌላትን ክፍል ዞሮ አየና «ነፋስ ነበር ወይስ አውሎ ነፋስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ውሉ የሚሸፍነው አውሎ ነፋስን ብቻ ነው፤ ተራ ነፋስ ያነሳው ጣሪያ የአናጢው ጥፋት ነው። ለካ ነፋስም ማዕረግ አለው። ነፋሱ ጣሪያችንን ይዞ ሲሄድ ከኋላው ሮጠን «ይቅርታ፣ ማን ልበል?» ማለት ነበረብን።

«በዚያ ሰዓት አውሮፕላኖች በሰላም አርፈዋል» አለ ደግሞ፣ ወደ ኤርፖርቱ እየጠቆመ። «አውሮፕላን በሚያርፍበት አየር የእርስዎ ቆርቆሮ እንዴት ይነሳል?»

አብራሪ ስለሌለው ነው ልለው ነበር። አስቴር ክንዴን ያዘችኝ።

አቶ ማርቆስን ለምስክርነት ጠራኋቸው። እሳቸውም በደስታ መጥተው «ጌታ ጠብቆናል፤ አንዳች ጉዳት አልደረሰም» ብለው መሰከሩ። ወጣቱ ቶሎ ጻፈው። «በእኔ ላይ ማለቴ ነው» ብለው ቢያርሙም የሰማቸው የለም።

«ላም አለኝ በሰማይ» የተባለው ለኢንሹራንስ ደንበኛ ሳይሆን አይቀርም። አስቴር ሳሎን ውስጥ እየሰፋች፣ ልጆቻችን ጨርቅ መሃል እራት እየበሉ፣ እኔ ኢንሹራንሱ ቢሮ ስመላለስ ከረምን። መልሱ አንድ ነው፦ ጉዳዩ እየታየ ነው፤ ጣሪያውን ግን እንዳትሠሩ፣ ማስረጃ ይጠፋል። በመጨረሻ አስቴር ራሷ ሄደች። ኃላፊውን «እርስዎ የተቀመጡበት ቢሮ ጣሪያ አለው አይደል?» አለቻቸው። በማግስቱ ወጣቱ ድጋሚ ተላከ።

ሰገነቱ ላይ ቆሞ ግድግዳ ሲለካ ያ ነፋስ ተመልሶ መጣ። ወረቀቱ በረረ፣ ከረባቱ ፊቱ ላይ ተጠመጠመ፣ እሱም ምሰሶ አቅፎ ተንበረከከ። አስቴር እጁን ይዛ ጎትታ ወደ ደረጃው አወረደችው። ውሃ ሰጠነው። ፊቱ አመድ እንደመሰለ «ይሄስ አውሎ ነፋስ ነው» አለ። አስቴር «በል ይህንኑ ጻፍልን» አለችው። ጻፈ፤ ፈረመም። ያን ቀን በመንገድ ያየኝ ሰው ሁሉ ሎተሪ የደረሰኝ መስሎት ነበር።

ውሳኔው ሳይዘገይ ደረሰን፤ ለዚህስ ምስጋና ይገባቸዋል። ባለሙያቸው በቦታው ተገኝቶ የነፈሰው በእርግጥም አውሎ ነፋስ መሆኑን በዓይኑ አረጋግጧል፤ ሆኖም በዕለቱ ክፍሉ ጣሪያ ስላልነበረው፣ ነፋሱ ያነሳው ጣሪያ የለም።