ባርዮኖቹ ውስጤን ሊያዩ ሲሉ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ የልጅ ልጄ የትርሲት ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ትርሲት ዛሬ የማስተርስ ሥራዋን ፈታኞች ፊት ታቀርባለች። የምታጠናው ባርዮን የሚሉትን ነው፤ በዓይን የማይታይ፣ ሆዱ ውስጥ ኳርክ የሚሏቸውን ሦስት ቅንጣቶች የያዘ ነገር። ጉልበት ሲያገኝ ኩፍ ይላል፣ በዓይን ጥቅሻ ደግሞ ብርሃን ይተፋና ይረጋል። በተፋው ብርሃን የሆዱን ያውቁታል አለችኝ። "ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?" ብያታለሁ። ብላትስ?

በሕልሜ በሩ ላይ ሬክተሩ ይፈትሻል፣ ዘበኛው ካባ ደርቦ ይገባል። አዳራሹ ውስጥ ባርዮኖቹ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ፕሮፌሰሮቹ ሊመረመሩ ተሰልፈዋል። ትርሲት ጥግ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

አንዱ ፕሮፌሰር ቀረበ። "እኔ እኮ ውጭ አገር ነው የተማርኩት" ሲል እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ወዲያው ብልጭ አለና ሟሸሸ። ሰብሳቢው ባርዮን ብርሃኑን አሸተተ።

"ውስጡ ሁለት ጉራና አንድ ፍርሃት ነው" አለ። አጨበጨቡ።

"ቀጣይ! እሜቴ፣ ይቅረቡ።"

"ቀረብኩ፤ ምን ታመጣለህ?"

"ኩፍ ይበሉ።"

"እኔ ሁልጊዜም ኩፍ እንዳልኩ ነኝ!"

እውነቴን ነው፤ ራሴ ጣሪያውን ነካ። ጠበቁ፣ ጠበቁ። አንዱ ባርዮን አዛጋ።

"አይረጉም እንዴ?"

"ለማን ብዬ?"

ሰብሳቢው ወደ ትርሲት ዞረ። "ሴትዮዋ ካልረጉ ብርሃን የለም። ብርሃን ከሌለ ውስጣቸው አይታወቅም። ስለዚህ ወድቀሻል።"

"ግድ የለም፣ እማማ" አለችኝ ልጅቷ። አፏ ይስቃል፣ አገጯ ይንቀጠቀጣል። እኔ አሳድጌያት ይህን አላውቅም?

እንግዲህ ምን ላድርግ!

"ይቺ ልጅ ከእኔ ትበልጣለች!" ብዬ ጮኽኩ። እንዲህ ያለ ነገር ስለ ማንም ተናግሬ አላውቅም። ከደረቴ ብርሃን እንደ መብረቅ ወጣ። አዳራሹ ነጭ ሆነ፣ እኔም የቀድሞ ቁመቴን አከልኩ። ባርዮኖቹ ብድግ አሉ። ሰብሳቢው ብርሃኑን አሽትቶ፣ "ውስጣቸው..." ሲል፣

"እማማ!"

ትርሲት ናት፤ የእውነቷ። ነጭ ሸሚዝ ለብሳ አልጋዬ ሥር ተንበርክካለች።

"ልሄድ ነው፤ መርቂኝ።"

አፌን ከፈትኩ። ያ ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቷል።

"ሸሚዝሽ ተጨማድዷል" አልኳት።