ሦስት ቀዳዳ የሚዘጋ ምላስ

ሰው አብዛኛውን ሙያ የሚማረው አይቶ ነው። አናጺው ምስማር ሲመታ ታያላችሁ። ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር፣ አንገት የማስገግ ችሎታ ካላችሁ፣ ከኋላ ወንበር ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ክራር የሚጫወት ሰው ጣቶቹ አደባባይ ላይ ናቸው። አርሞኒካ ግን? አርሞኒካ የሚጫወት ሰው ሥራውን ሁሉ የሚሠራው አፉ ውስጥ ነው፤ ያውም በሩን ዘግቶ፣ በዚያ ላይ በሁለት እጁ ከልሎ። ለእናንተ የሚተርፋችሁ ቅንድቡ ብቻ ነው። እስቲ ከቅንድብ ምን ትማራላችሁ?

ይህን የምጠይቀው ዝም ብዬ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል ልገባ ስል የነበረውን ክረምት በሙሉ የሰው ቅንድብ ሳጠና አሳልፌያለሁ።

የቅንድቡ ባለቤት ጋሽ ሀንዲሶ ነበሩ። ጋሽ ሀንዲሶ ሆሳዕና ገበያ ዳር፣ አንድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን የዘረጉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሲሰፉ ሦስት አራት ስፒል በከንፈራቸው ጥግ ይነክሳሉ፤ በቀረው የአፋቸው ጎን ደግሞ ከደንበኛ ጋር ይከራከራሉ፣ ይስቃሉ፣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላሉ። አንድም ስፒል ወድቆባቸው አያውቅም። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ፣ ቢውጡትስ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ምላሴ ዘበኛ ነው፤ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ ያውቃል» አሉኝ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አርሞኒካቸውን መጀመሪያ የሰማሁት የአባቴን ሱሪ ላሳጥር የሄድኩ ቀን ነው። ዝናብ ይዘንባል፤ ደንበኛ የለም። በረንዳውን ከከለለው መጋረጃ ወዲያ ሁለት ነገር ይሰማል። አንዱ ቀጭን ዜማ ነው፤ ከላይ ከላይ ይሄዳል። ሌላው ወፍራም ነው፤ ከሥር ሆኖ እንደ እግር ኮቴ ይመታል። ገባሁ። ጋሽ ሀንዲሶ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ወደ ግራ አየሁ፣ ወደ ቀኝ አየሁ፣ ከመኪናው ሥር ሳይቀር አጎንብሼ አየሁ። ምን እንደምፈልግ ሲጠይቁኝ «ሁለተኛውን ሰውዬ» አልኳቸው። ጋሽ ሀንዲሶ አርሞኒካውን ጭናቸው ላይ አኖሩና አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸውን አወጡ። «ሁለተኛው ሰውዬ ይኸውልህ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጃቸውን ለቅቄ አላውቅም። እኔ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ለማለት ላብ የሚያጠምቀኝ ልጅ ነበርኩ። አፉን ዘግቶ ድምፁ የሚሰማ ሰው ማየት ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት! ያውም እንደ ሁለት ሰው የሚሰማ!

ምስጢሩ ሲነገር ቀላል ነው። አፍህን ሰፋ አድርገህ አራት ቀዳዳ ትጎርሳለህ። በግራ በኩል ያሉትን ሦስቱን በምላስህ ጫፍ ትደፍናለህ። የተረፈችው አራተኛዋ በቀኝ ከንፈርህ ጥግ ብቻዋን ታዜማለች። ከዚያ በየምቱ ምላስህን ብድግ ታደርጋለህ፤ ሦስቱ እስረኞች ባንድነት «እምም» ይላሉ፤ ወዲያው መልሰህ ትዘጋባቸዋለህ። በቃ ይኸው ነው። ስትተነፍስም፣ አየር ስትስብም፣ ዜማው ሳይቋረጥ። ጋሽ ሀንዲሶ ይህን ሲያደርጉ ፊታቸው ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ የግራ ቅንድባቸው ብቻ ትንሽ ከፍ ይላል። እኔም ቅንድቤን ከፍ አደረግሁ። ምንም አልመጣም።

ምላሴ ሥርዓት አያውቅም ነበር። ሦስት ዝጋ ሲባል አራት ይዘጋል፤ አንሳ ሲባል ወደ ውስጥ ሸሽቶ ይደበቃል። ቤት ውስጥ የምለማመድበት አርሞኒካ ስላልነበረኝ በቆሎ ላይ ተለማመድኩ። የተቀቀለ በቆሎ ፍሬው በረድፍ የተደረደረ ነው፤ አራት ትጎርሳላችሁ፣ ሦስቱን በምላስ ትሸፍናላችሁ፣ በአራተኛው ላይ ትተነፍሳላችሁ። እማዬ ለሦስት ቀን ዝም ብላ አየችኝ። በአራተኛው ቀን «ልጄ፣ በቆሎው ካልጣመህ ለሚበላው ስጠው፤ ስትስመው አትዋል» አለችኝ።

አሁን ስለ ዜማው ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዜማው ነውና። ጋሽ ሀንዲሶ ምላስ የሚያስተምሩበት ዜማ አንድ ብቻ ነበር። ዝግ ያለ፣ በየምቱ መሐል ምላስ ተነስቶ የሚቀመጥበት ጊዜ ያለው ዜማ ነው። መዝሙር ነው። በደርግ ጊዜ መዝሙር! ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ከርሞ የቀበሌው መሰብሰቢያ አዳራሽ ሆኗል። ጋሽ ሀንዲሶ ራሳቸው ቤት ውስጥ ሰው ሰብስበው ጸልየዋል ተብለው ሦስት ወር ታስረው ነው የወጡት። ሁለተኛ ቢገኙ በወር እንደማይመለሱ ተነግሯቸዋል። እኔ ፈርቼ፣ ቢሰሙንስ ስላቸው፣ «ምን ይሰማሉ? ቃል አለው እንዴ? እኔ አልዘመርኩም፤ ተነፈስኩ እንጂ። መተንፈስን ቀበሌ አልከለከለም» ይሉኛል።

ቀበሌ ግን ሰማ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ጓድ አኑሎ፣ ከዱራሜ በኩል መጥተው የተመረጡ ስለነበሩ የኋላ ታሪካቸውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የምናውቀው ፂማቸውንና ድምፃቸውን ነው። ድምፃቸው ማይክራፎን አይፈልግም፤ «አብዮታዊ» ሲሉ የአዳራሹ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። አንድ ከሰዓት በረንዳው ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ አላውቅም። የቀበሌው ኪነት አኮርዲዮን ተጫዋች ብሔራዊ ውትድርና ሄዷል፤ እሑድ ከክፍለ ሀገር እንግዳ ይመጣል፤ ስለዚህ አንተ የሰልፍ ዜማ ትጫወታለህ አሉኝ። እንቢ ልል አፌን ከፈትኩ። «እሺ» ወጣ።

ጋሽ ሀንዲሶ አርሞኒካውን አዋሱኝ። ለሰልፍ ዜማ ምላስ አያስፈልግም፤ ከንፈርህን እንደ ፉጨት አሹለህ አንድ አንድ ቀዳዳ መልቀም ነው አሉኝ። አንድ ምክር ብቻ ጨመሩልኝ፦ «ከንፈርህን አርጥብ። ደረቅ ከንፈር ብረት ላይ ይጣበቃል።» ሌላ አንድ ምክር ደግሞ በዓይናቸው ነገሩኝ። ከተሳሳትኩ «ማነው ያስተማረህ?» መባሉ አይቀርም።

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ልማድ የሚባል ነገር ይገርማል፤ መድረኩ ላይ ቀይ ጨርቅ ቢሰቀልም ሴቶቹ በግራ፣ ወንዶቹ በቀኝ፣ የድሮዎቹ የኳየር ሰዎች ከኋላ፣ ሁሉም በድሮ ቦታው ተቀምጧል። ማን ተቀመጡ አላቸው? እግራቸው ነው የወሰዳቸው። እንግዳውና ጓድ አኑሎ መድረኩ ላይ፣ ከጠረጴዛ ኋላ ናቸው። እኔ ከፊታቸው፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቆምኩ። መፈክር ተባለ፤ ግራ እጃችንን አነሳን። ከዚያ ስሜ ተጠራ።

ከንፈሬን ማርጠብ ረሳሁ። ቢታወሰኝም የማረጥብበት ምራቅ አልነበረም። እንደ ፉጨት አሹዬ ብነፋ «እስስስ» አለ፤ ከንፈሬ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ልጆች ሳቁ። ከሌሞ በጋሪ የሚመጣ ገበሬ ከገበያ ሲመለስ እንቅልፍ ቢወስደው ፈረሱ ራሱ ቤቱ ያደርሰዋል አይደል? እኔም በድንጋጤ ልጓሙን ስለቅ ምላሴ መንገዱን ይዞ ሄደ። አራት ጎረሰ፤ ሦስት ዘጋ፤ አራተኛዋ ማዜም ጀመረች።

የትኛውን ዜማ እንደሆነ መናገር አለብኝ?

እኔ ያወቅሁት የእማዬን ፊት አይቼ ነው። ነጠላዋን አንስታ አፏን ሸፈነች። ከጎኗ ያሉት ሴቶች አንድ ባንድ አንገታቸውን ደፉ። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። ጋሽ ሀንዲሶ ከኋላ በር አጠገብ ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ላይ ስፒል የለም፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ማቆም ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ላቆም ስል ግን ወፍራሙ ድምፅ መጣ።

እንዴት ልንገራችሁ? ከየት እንደመጣ አላወቅሁም። በየምቱ፣ ሳይዘገይ ሳይቸኩል፣ «እምም… እምም…» እያለ ከቀጭኑ ዜማ ሥር ገባ። ክረምቱን ሙሉ ለምኜው እንቢ ያለኝ ድምፅ ነው! በጀርባዬ በኩል አልፎ ደረቴን ሞላው፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ያ ታሽጎ የነበረ ቤት ድሮ የሚሰማውን ነገር እየሰማ መሰለኝ። እስከ መጨረሻው ነፋሁ።

ሲያልቅ፣ ከኋላ አንድ ሽማግሌ «አሜ…» ብለው ጀመሩና ወደ ሳል ለወጡት።

እንግዳው ወደ ጓድ አኑሎ ዘንበል ብሎ ይህ ምን ዓይነት ዜማ እንደሆነ ጠየቀ። ጓድ አኑሎ ተነሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና የአካባቢው አርሶ አደሮች የአዝመራ ዜማ ነው አሉ። እንግዳው ሰፊው ሕዝብ ለምርት ያለው ስሜት እንዲህ ጥልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር ብሎ አጨበጨበ። ሁሉም አጨበጨበ። ጓድ አኑሎ በጆሮዬ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ። ያስተማረህም ይምጣ» አሉኝ።

በማግስቱ እማዬ ጋቢና ቆሎ ቋጠረችልኝ። ጋሽ ሀንዲሶ መቀመጫው ላይ ድርብ ጨርቅ የተሰፋበት ሱሪ ለብሰው መጡ፤ ከመጀመሪያው እስራት ሲወጡ፣ የእስር ቤቱን ሲሚንቶ ያውቁታልና፣ ሰፍተው ያስቀመጡት ነው። በእኔ የተነሳ ለበሱት። ልቤ ሊሰበር ይገባ ነበር፤ ተሰብሮም ነበር። ግን ልዋሽ? ከስብራቱ ሥር ደስታ ነበረኝ። ልታሰር ነው፤ ግን በሁለት ድምፅ ተጫውቼ ነው የምታሰረው! መንገድ ላይ አላስቻለኝም። «ጋሽ ሀንዲሶ፣ ወፍራሙን ሰሙት?» አልኳቸው። ሰምቻለሁ አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ጓድ አኑሎ በሩን ዘጉ። መስኮቱንም ዘጉ። አርሞኒካውን ተቀበሉኝ፤ አገላብጠው አዩና መለሱልኝ። ከዚያ «ምላስህን አሳየኝ» አሉ። የሚቆርጡት መሰለኝ። አይኔን ጨፍኜ አወጣሁ።

ቀረብ ብለው አዩና «ደህና ምላስ ነው» አሉ። «ታዲያ ትናንት ለምን አልተነሳም? ሦስቱን እንደዘጋህ ጀምረህ እንደዘጋህ ጨረስክ። አዝማቹ ያለ ቤዝ፣ ያለ ወፍራሙ ድምፅ ይሄዳል እንዴ?»

ጋሽ ሀንዲሶ መሬት መሬት ያያሉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አላውቅም። እኔ ግን፣ በሕይወቴ ሙሉ ከሹም ጋር ተከራክሬ የማላውቀው ልጅ፣ ክብሬ ተነካ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ቤዙ እኮ ነበር። ወጥቶልኝ ነበር። ራሴ ሰምቼዋለሁ» አልኳቸው።

ጓድ አኑሎ ከንፈራቸውን ገጠሙ፤ የግራ ቅንድባቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉና በተዘጋ አፋቸው «እምም… እምም…» አሉ። የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ በሩን ከፈቱልን። ልንወጣ ስንል ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣ «በሚቀጥለው ወይ ምላስህን አንሳ፣ ወይ እኔ አየር እንድስብ ቀድመህ ንገረኝ» አሉኝ።