ከብየዳ በፊት ባትሪ ስለ መንቀል የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡10
ቦታ፦ የጋራዡ ቀለም ቤት (የስብሰባው ክፍል ጎማ ስለተደረደረበት)

የተገኙ፦
1. ቀለም ቀቢው፣ ሰብሳቢ
2. በያጁ፣ አባል
3. ኤሌክትሪሻኑ፣ አባል
4. ንብረት ክፍሉ፣ አባልና የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ ጎሚስታው፣ መንገድ ላይ ነኝ ስላለ፤ ሞተሪስታው፣ ከሰብሳቢው ጋር ስለማይነጋገር፤ አጣቢው፣ የሚጠራው ስላልነበረ።

በታዛቢነት፦ መኪናውን ያመጣው ሹፌርና እናቱ። እናትየው ከኋላ ወንበር አልወርድም ስላሉ በተከፈተው በር በኩል ተከታትለዋል።

ከሰባት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ልክ በልክ መሟላቱ ተረጋግጧል።

አጀንዳ 1፦ የተሰበረው ወንበር

ሹፌሩ እንዳስረዳው የፊተኛው የተሳፋሪ ወንበር እግር ከወለሉ ተገንጥሏል፤ ነዳጅ ሲሰጥ ወንበሩ ከነተቀማጩ ወደ ኋላ ይንጋለላል። እናቱ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ስምንት ወር ወረፋ ጠብቀው ዛሬ 5፡00 ሰዓት ተቀጥረዋል። ቀጠሮው ካለፈ ሌላ ስምንት ወር ነው። ኋላ ተቀምጠው ለምን አይሄዱም ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሲመለሱ ዓይናቸው ታስሮ ወንበሩ እላያቸው ላይ እንዲወድቅባቸው እንደማይፈልግ ተናግሯል።

ብየዳው የአሥር ደቂቃ ሥራ መሆኑን በያጁ ገልጿል። ይሁን እንጂ ባለፈው ሳምንት በሰብሳቢው የግል መኪና ላይ የደረሰው ሳይጠና ብየዳ እንዳይጀመር ሰብሳቢው አሳስበዋል።

አጀንዳ 2፦ በሰብሳቢው መኪና ላይ የደረሰው

መኪናዋ ከተበየደች ወዲህ ፍሬቻ ሲበራ ዝናብ መጥረጊያው ይነሣል፤ ጥሩምባዋም ማንም ሳይነካት ትጮኻለች። ይህ በሚነገርበት ጊዜ ጮኻለች።

ሰብሳቢው ጥፋቱ የበያጁ ነው ብለዋል። በያጁም፣ “ጋሼ፣ ባትሪውን ልንቀል ስል ‘ጊዜ አታባክን፣ ዝም ብለህ በይድ’ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?” ብሏል። ሰብሳቢው ይህ በቃለ ጉባኤ እንዳይሰፍር አዘዋል። አልሰፈረም።

ኤሌክትሪሻኑ ነገሩ ምሥጢር እንደሌለው አስረድቷል፦ የባትሪው ሁለቱም ገመድ ይነቀላል፣ መጀመሪያ ኔጌቲቩ፤ የመኪናው ኮምፒውተር ሶኬት ይፈታል፤ የብየዳው ማሽን መቆንጠጫ ከሚበየደው ቦታ በስንዝር ርቀት ይነክሳል፤ አለዚያ ኮረንቲው አቋራጭ ፍለጋ መኪናውን ሙሉ ይዞራል። የሰብሳቢው መኪና ሲበየድ መቆንጠጫው የነከሰው የፊት መከላከያውን፣ የተበየደው ግን የኋላው ነበር።

ሰብሳቢው ኮምፒውተሩ ብርድ ልብስ ቢለብስ እንደሚበቃ ሐሳብ አቅርበዋል። ኤሌክትሪሻኑ ኮረንቲ በርዶት እንደማያውቅ ገልጿል።

በዚህ ጊዜ እናትየው በበሩ በኩል፣ “ልጆቼ፣ እናንተ ተወያይታችሁ እስክትጨርሱ ዓይኔ ራሱ ያልቃል” ብለዋል። አስተያየታቸው ከምስጋና ጋር ተይዟል። ኤሌክትሪሻኑና በያጁ እጃችንን እንታጠብ ብለው ወጥተዋል።

አጀንዳ 3፦ የወደፊት አሠራር

ሰፊ ውይይት ከተካሄደ በኋላ፦

ሀ) ማንኛውም ባትሪ በሦስት ፊርማ ብቻ እንዲነቀል፤
ለ) የነቀላ ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም፣ ሰብሳቢውም ሰብሳቢው እንዲሆኑ፤
ሐ) ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ ብርድ ልብስ እንዲመደብ፤
መ) ይህ እስኪሟላ ድረስ በጋራዡ ምንም ነገር እንዳይበየድ

በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሰብሳቢው እጃቸውን አውጥተዋል፤ የጸሐፊው እጅ እስክሪብቶ ስለያዘ እንደ ድጋፍ ተቆጥሯል።

በውይይቱ መሐል በግድግዳው ላይ ሰማያዊ ብርሃን ደጋግሞ ብልጭ ብሏል። ሰብሳቢው መብረቅ ነው ብለው አልፈውታል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ታዛቢዋ ከመኪናው ወርደው፣ ፊታቸውን ወደ አጥር አዙረው በርጩማ ላይ ለምን እንደተቀመጡም አልተጠየቀም።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

4፡05 ሰዓት ላይ ሁለቱ አባላት እጃቸውን ሳይታጠቡ ተመልሰዋል። ኤሌክትሪሻኑ ባትሪው ተነቅሎ፣ ወንበሩ ተበይዶ፣ ሁሉም ተመልሶ መታሰሩን አስታውቋል። ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ ፍሬቻ አሳይቷል፤ ዝናብ መጥረጊያው ከቦታው አልተነሣም። እናትየው በፊተኛው ወንበር ተቀምጠው ሁለቴ ተወዛውዘው ከሞከሩት በኋላ፣ “ተባረኩ፤ እናንተ ቀለም ቤት ያላችሁትም በርቱ” ብለው ሄደዋል።

ሰብሳቢው ሁለቱ አባላት ውሳኔ “መ”ን በመጣሳቸው እንዲቀጡ ጠይቀዋል። በያጁ፣ “ስንወጣ የቀራችሁት ሁለት ናችሁ። ምልዓተ ጉባኤ አራት ነው ያሉት ጠዋት እርስዎ ራስዎ አይደሉም?” ሲል ጠይቋል። የሰብሳቢው መኪና ጮኻለች።

ሰብሳቢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የእርሳቸው መኪና ትድን እንደሆነ ጠይቀዋል። ኤሌክትሪሻኑም፣ “ኮምፒውተሯ ተቃጥሏል ጋሼ። እስኪቀየር ድረስ እንግዲህ ብርድ ልብስ ያልብሷት” ብሏል።

በመሆኑም ምልዓተ ጉባኤው በተሟላበት፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ከ“ሀ” እስከ “መ” እንዲሰረዝ፣ ባትሪም እንደ ዛሬው ማንም ሳይሰበሰብበት እንዲነቀል፣ በሦስት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወስኖ ከጠዋቱ 4፡35 ላይ ሁሉም ወደየሥራው ሄዷል።

ጸሐፊው በዚያው ዕለት አንድ ብርድ ልብስ ከንብረት ክፍል ለሰብሳቢው በፊርማ አስረክቧል።