ሰሜን ጣራ ላይ አይደለም

አስተማሪ በሚሠለጥንበት ግቢ ሁሉ፣ ሠልጣኝ ለማስለቀስ የተሾመ የሚመስል አንድ ሰው አይጠፋም። የጂኦግራፊ ሠልጣኞች የደረሳቸው «ክቡር ሰሜን» ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው እሳቸው የጣሏቸው ልጆች ስለሆኑ፣ አውጪው ብዙ ነው።

ክቡርነታቸው ሰላምታ አያውቁም። ሰውን ደረጃ ላይ ቢያገኙት፣ ትኩስ ሻይ ይዞ ቢያገኙት፣ «ሰሜን በየት ነው?» ነው። ታመው በተኙ ጊዜ የሆስፒታሉን አልጋ አስዙረዋል ተብሎ ይታማል። ሐሜት ነው፤ ግን ያስተባበለ የለም።

ከሠልጣኞቹ አንዷም ባለፈው ወር በእሳቸው ተጥላለች። ለሙከራ በተላከችበት ትምህርት ቤት ስታስተምር፣ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካርታ እየጠቆመች «ሰሜን ወደ ላይ ነው» አለቻ! ክቡርነታቸው ከኋላ ወንበር ተነሱ።

«ጣራው ላይ ማለትሽ ነው? መሰላል ላምጣልሽ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማታ እናቷ የሆነውን ሰምተው፣ «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ሰሜንን ላታውቂ ነው?» አሏት። ሳቁን የቻለችው ልጅ ይሄን አልቻለችም።

ዛሬ ሁለተኛውና የመጨረሻው ሙከራ ነው፤ ከወደቀች አስተማሪ መሆን ቀረ። ክቡርነታቸው ያው ከኋላ ተቀምጠዋል። ካርታውን ከሚስማሩ አውርዳ መሬት ላይ ዘረጋችው፤ በመስኮት በምትገባው የጠዋት ፀሐይ አቅጣጫውን አስተካከለች፤ ተማሪዎቹን ዙሪያውን አስቀመጠች።

«ከዚህ ተነስተን ወደ ሰሜን ብንሄድ መጀመሪያ የማን ሰፈር እንደርሳለን?»

«የኛ!» «ውሸቱን ነው፣ የኛ!» ጫጫታው ደስ ሲላት በሩ ተበረገደ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነው፤ እሱም ድሮ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር።

«ካርታ ይነጠፋል? ምንጣፍ መሰለሽ? ቦታው መልሺው! መምህር፣ ይቺን እንዳያሳልፏት!»

ካርታውን ልታነሳ ጎንበስ አለች። ክቡርነታቸው ግን ተነስተው፣ ያን ዘወትር የተተኮሰ ሱሪያቸውን ሳይሰስቱ ካርታው አጠገብ ተንበረከኩ።

«ጌታው፣ ሰሜን በየት ነው?»

ዳይሬክተሩ ግድግዳውን አየ። ካርታው የለም። ባዶውን ሚስማር ፈልጎ አገኘና፣ ከሚስማሩ በላይ፣ ወደ ጣራው ጠቆመ።

ልጆቹ በሳቅ ተንፈራፈሩ። ክቡርነታቸው አልሳቁም።

«አየሽ» አሏት ቀስ ብለው፣ «ዕድሜዬን በሙሉ ያሠለጠንኩት ይሄን ሰው ነው። ልብስ እየቀየረ ይመጣል።»

የውጤቷ ግማሽ በዳይሬክተሩ እጅ ነበርና፣ ሰውዬው በሩን ወርውሮ ሲወጣ ግማሹም አብሮት ወጣ። ክቡርነታቸው የእጃቸውን ግማሽ ሙሉውን ሰጧት፤ ለማንም ሰጥተውት አያውቁም። ለማለፊያ ያህል ብቻ በቃ። አልተመሰገነችም፣ አልተጨበጨበላትም፤ አለፈች።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን ክቡርነታቸው አሁንም መሬት ላይ ናቸው። ጉልበታቸው እምቢ ብሏል።

«ምን ትገተሪያለሽ? ሳቢኝ እንጂ!»

እጃቸውን ያዘች። «ወዴት ልሳብዎት?»

«ወደ ላይ ነዋ!»

«ወደ ሰሜን ማለትዎ ነው?»

ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ሳቅ ነው። ሲስቁ አይታቸው አታውቅም። ቆመው ካበቁም በኋላ፣ እጃቸውን ለመልቀቅ አልቸኮለችም።